ደም የረጋባት እህቴን የዘንዶ ስብ ያድናታል?

ጥያቄው ከቡሬ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «እህቴ በኦፕራሲዮን ከወለደች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። በአራስነቷ ግራ እግሯ አብጦ ባሕር ዳር ወሰድናት፤ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቷል ተባለ። መጀመሪያ ሆዷ ላይ መርፌ ተወጋች፣ አሁን ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ትወስዳለች። በየጊዜው ለደም ምርመራ መመላለሱን ገንዘባችንም ጉልበታችንም አልቻለውም። ከቆላ የመጣ አንድ ሰው የዘንዶ ስብ ይዟል። እግሯን በስቡ እሹት፣ ሐሞቱን በአረቄ ትጠጣው፣ የረጋው ይሟሟል ይላል። ኪኒኑ ደግሞ የአይጥ መርዝ ነው አለን። እኔም ሳነብ የደም መርጋት መድኃኒት ከእባብ መርዝ እንደሚሠራ አየሁ። ታዲያ እባቡ እኛው ቆላ ውስጥ ካለ በቀጥታ ብንጠቀመው ምን ችግር አለው? አደኑንስ ለምን ይከለክላሉ?»

አያድናትም። ስቡም፣ ሐሞቱም። የቀረውን ከማብራራቴ በፊት ግን ዛሬውኑ ለቤተሰቡ የምትነግረው አንድ ነገር አለ፦ ያንን እግር ማንም እንዳያሸው። በዘንዶ ስብ ይሁን በቅቤ፣ ወጌሻ ይሁን እናታችሁ፣ አይታሽ። በትልቁ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሲታሽ ቁራጩ ተነቅሎ ሽቅብ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ከተሰነቀረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። አራስን በቅቤ ማሸት በእኛ አገር የፍቅር ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ወገቧንና ትከሻዋን ያሿት። ያበጠውን እግር ግን ይተዉት።

ለምን እንደረጋባት ደግሞ እንይ። እንዲህ ዓይነት እብጠት ሲመጣ «ብርድ ገብቷት ነው»፣ «ምች ነው» ማለት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግን እርግዝናው ነው። ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ በወሊድ ጊዜ ለሚመጣው መድማት ይዘጋጃል፣ ስለዚህ ደሟ ከወትሮው ቶሎ የሚረጋ ይሆናል። ይህ ከወለደች በኋላም ለሳምንታት ይቆያል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ኦፕራሲዮን፣ በዚያ ላይ ብዙ ቀን መተኛት ሲጨመር አደጋው ይከማቻል። ግራ እግር መሆኑም እንግዳ ነገር አይደለም። ከግራ እግር የሚመለሰው ትልቁ ደም ሥር ሆድ ውስጥ ሲደርስ ሌላ ደም ቅዳ ከላይ ይጫነዋል፤ ማህፀን ሲከብድ ደግሞ ጫናው ይብሳል። በነፍሰ ጡርና በአራስ ላይ የእግር ደም መርጋት በአብዛኛው በግራ በኩል የሚታየው ለዚህ ነው።

ከጥያቄህ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ «የረጋው ይሟሟል» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡት በዚህች ሐሳብ ነው። ዋርፋሪን የረጋ ደም አያሟሟም። መርፌውም አያሟሟም። ሁለቱም የሚሠሩት የረጋው እንዳያድግና አዲስ እንዳይጨመር ማድረግ ነው። የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያጸዳው የራሷ ሰውነት ነው፣ ለዚያም ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ «ኪኒን ጀምራ እግሯ እስካሁን ያብጣል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ስህተት ነው። በርግጥ የረጋውን በቀጥታ የሚያሟሙ መድኃኒቶች አሉ። እነሱ ግን ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈሱ ስለሚችሉ የሚሰጡት ሆስፒታል ውስጥ፣ በአብዛኛው ሕይወት አፋፍ ላይ ሲሆን ነው። በሁለት ወር አራስ እግር ላይ ማንም በቀላሉ አያዛቸውም።

የአይጥ መርዝ ነው ያላችሁ ሰው አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገራችሁ። (ከዚህ በኋላ ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1920ዎቹ በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ከብቶች ያለ ምክንያት እየደሙ ይሞቱ ነበር። ሲጣራ የበሉት የሻገተ ድርቆሽ ሆኖ ተገኘ። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ ያልረጋ የላም ደም በወተት ዕቃ ይዞ ወደ ካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ መጣ፤ የሊንክ ቡድን ከዓመታት ሥራ በኋላ ደሙን ያቀጠነውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ከዚያው የንጥረ ነገር ቤተሰብ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፣ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፣ በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲይዛቸው ታዘዘላቸው። አይጥ ትሞታለች ምክንያቱም መጠን የሚለካላት የለም። እህትህ የምትመላለሰው ያ መጠን እንዲለካላት ነው። ማርከሻም አለው፣ ቫይታሚን ኬ። የዘንዶ ሐሞት መጠኑን የሚለካው ማን ነው? ቢጎዳትስ ማርከሻው ምንድን ነው?

ወደ እባቡ እንምጣ። ያነበብከው እውነት ነው፣ የደረስክበት ድምዳሜ ግን አይከተልም። መጀመሪያ፣ ዘንዶ መርዝ የለውም። ጠምጥሞ፣ ጨምቆ ነው የሚገድለው። ስለዚህ «የእባብ መርዝ ለደም መርጋት ይሠራል» የሚለው ዜና ዘንዶን ጨርሶ አይመለከትም። ዜናው የሚያወራው ስለ እፉኝት ዓይነቶች ነው። የእነዚህ እባቦች መርዝ ደም ላይ የሚሠራው ሥራ በጣም የሚገርም ነው፤ አንዳንዱ ደምን ያረጋል፣ አንዳንዱ የደም አርጊ ሕዋሶች እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚያረጋውን ፕሮቲን ጨርሶ ይበላውና ደም ውኃ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎች ከዚህ ውስጥ አንዷን ቁራጭ ይዘው፣ ቅርጿን አጥንተው፣ እሷን የመሰለ ነገር በቤተ ሙከራ ሠሩ። ቲሮፊባን የሚባለው የልብ መድኃኒት የተቀረጸው ቅርፊቱን እያፋተገ ድምፅ ከሚያሰማው ትንሽ እፉኝት መርዝ ነው፤ የዚያ እባብ ዘመዶች በእኛም ቆላ አሉ። ኤፕቲፊባታይድ የሚባለው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከሚገኝ ጭራው ከሚንኳኳ ትንሽ እባብ የመጣ ሐሳብ ነው። ሁለቱም በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ካፕቶፕሪልም መነሻው የብራዚል እፉኝት መርዝ ነው።

ከዚህ የምትይዘው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቲሮፊባንና ኤፕቲፊባታይድ በደም ሥር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ለልብ ሕመም የሚሰጡ ናቸው፤ ለእግር ደም መርጋት አይታዘዙም። ሁለተኛ፣ መርዝ ፕሮቲን ነው፣ ሲጠጣ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ ስለዚህ በመጠጣት የሚገኝ ፈውስ የለም። ሦስተኛ፣ ዛሬ አንድም እባብ ለእነዚህ መድኃኒቶች ተብሎ አይገደልም፣ ፋብሪካ ነው የሚሠራቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከጎጃም ብዙ ልጆች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። እፉኝት ሲነድፍ ደም መርጋት ሊያቅተው ይችላል። ጤና ጣቢያ ላይ በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ትንሽ ደም ተቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥና ቱቦው ይዘነበላል፤ ካልረጋ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የተነደፈ ሰው ቁስሉ አይቆረጥ፣ አይታሰር፣ በፍጥነት ማርከሻ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።

ምርምሩ ሁሌ ይሳካል ማለትም አይደለም። የከብት ደም ከምትመጥ የደቡብ አሜሪካ የሌሊት ወፍ ምራቅ የተገኘ ዴስሞቴፕሌዝ የሚባል መድኃኒት ለስትሮክ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በብዙ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ የተጠበቀውን ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። ሩቅ ምሥራቅ ካለ እፉኝት የተገኘው አንክሮድም እንዲሁ። ይህን የምነግርህ ስም ባላቸው ቤተ ሙከራዎች ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ እንኳ የሚወድቅ ስንት ነገር እንዳለ እንድታይ ነው። ሰውየው በጠርሙስ የያዘው ከነዚህ አንዱንም አላለፈም።

ሐሞቱ ሌላም ጣጣ አለው። ዘንዶና ሌሎች ተሳቢዎች ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣውን ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይሸከማሉ። የአፍሪካ ዘንዶዎች ደግሞ ሳንባቸው ውስጥ ትል የሚመስል ጥገኛ ተሕዋስ ይይዛሉ፤ እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ ከውስጡ የሚወጣው እጭ ጉበትና አንጀት ላይ ይሰፍራል። ጡት የምታጠባ አራስ ይህን በአረቄ ስትጠጣ አስበው። አረቄው ራሱ ዋርፋሪንን ያናጋዋል።

«አደኑን ለምን ይከለክላሉ?» ብለሃል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 (ይቺ በእኛው አቆጣጠር ናት) የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ ያለችበት ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ዘንዶን ንግዱ ቁጥጥር ከሚደረግበት መዝገብ አስገብቶታል። ግን ሕጉን ትተን ተፈጥሮውን ብቻ እንይ። ሴቷ ዘንዶ ከወንዱ ትበልጣለች። ስብ የሚፈልግ አዳኝ ደግሞ ትልቁን ነው የሚመርጠው። ስለዚህ አዳኙ ሳያውቀው እየለቀመ የሚገድለው የሚወልዱትን ነው። ሴቷ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅባታል። ስትጥል በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች፣ እስኪፈለፈሉም ተጠምጥማባቸው ትጠብቃለች። እሷ በጎጆዋ ላይ ተገኝታ ከተገደለች እንቁላሉም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ ዘንዶው አይጥና ጦጣ ይበላል፤ ማሽላው በእነዚህ የሚያልቅበት የቆላ ገበሬ የሚያጣው ነገር አለ።

ይህ እንዴት እንደሚያልቅ ለማወቅ አውሮፓን ማየት ይበቃል። አልቅት ከብቶቻችን አፍ ውስጥ የምትገባ ተባይ ናት፣ አውሮፓ ያለችው ዘመዷ ግን ለሕክምና ተፈላጊ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ሐኪሞች ለማንኛውም ሕመም አልቅት ያስመጡ ነበር፤ ፈረንሳይ ብቻ በ1833 ከ40 ሚሊዮን በላይ አልቅት አስገብታለች። በለቀማ ብዛት ከብዙ አገር ውኃዎች ጠፋች፣ ዛሬ በሳይተስ መዝገብ ላይ ናት። የሚያሳዝነው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነገር በምራቋ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1884 ነው፣ በጆን ሄይክራፍት። እስከዚያ ድረስ የተለቀሙት ሚሊዮኖች የሚጠቅመው ነገር ምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ነው የተለቀሙት። ከታወቀ በኋላ ግን ቢቫሊሩዲን የሚባለው መድኃኒት እሷን አስመስሎ በቤተ ሙከራ ተሠራ፣ ለእሱ አንዲት አልቅት አትሞትም።

ፓንጎሊን የሚባለው ቅርፊታም ጉንዳን በልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ቅርፊቱ በቻይና ባህላዊ ሕክምና «ደም ያንቀሳቅሳል፣ የአራስ ወተት ያመጣል» እየተባለ ተሸጠ። ቅርፊቱ የተሠራው ከእኛው ጥፍር ከተሠራበት ነገር ነው። እስያ ውስጥ እየተመናመነ ሲመጣ አዳኞች ፊታቸውን ወደ አፍሪካ አዞሩ። በ2016 ዓለም አቀፍ ንግዱ ሙሉ በሙሉ እንዲታገድ ተወሰነ፣ በ2020 ቻይና ራሷ ከመድኃኒት መዝገቧ ላይ ቅርፊቱን አወጣችው። የቆላችን ዘንዶ በዚህ መንገድ እንዲሄድ አልፈልግም። ቲሮፊባን የተገኘበት እባብ ጥናቱ ሳይጀመር አልቆ ቢሆን ኖሮ ያንን መድኃኒት ማንም አያስበውም ነበር፤ በዓባይ ሸለቆና በጃዊ ቆላ ያሉት እንስሳት ውስጥ ምን እንዳለ ገና ማን አጠናው?

እንግዲህ እውነተኛው ችግራችሁ ምርመራው ነው፣ እሱ ላይ ልቆይ። የሚለካው አይኤንአር ይባላል፤ ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ለእህትህ ዓይነት ሕመም ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 በታች ከሆነ መድኃኒቱ አይጠብቃትም፣ ከ3 በላይ ሲወጣ የመድማት አደጋው ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ምልልሱ የሚበዛው መጠኑ እስኪገኝ ነው። ቁጥሩ ሲረጋጋ ቀጠሮው ወደ ወር ሊራራቅ ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሟ እንዲህ በሉት፦ «ቁጥሯ ተረጋግቷል ወይ? ምርመራውን ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ማሠራት እንችላለን ወይ? ውጤቱን በስልክ ነግረናችሁ መጠኑን ልታስተካክሉልን ትችላላችሁ ወይ?» የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ አትሂዱ። ብዙ ቤተሰብ ሊቀር የሚችል ወጪ የሚያወጣው ይህችን ወረቀት ረስቶ ነው።

ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ ኪኒኖችም አሉ፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። እህትህ ግን ታጠባለች፤ ወደ ወተት ስለሚያልፉና በሕፃኑ ላይ በቂ ጥናት ስለሌለ ለሚያጠቡ እናቶች በአብዛኛው አይመከሩም። ዋርፋሪን ለማጥባት ደህና ነው። የሆድ መርፌውም፣ ኢኖክሳፓሪን፣ ለማጥባት ደህና ነው፤ እስከ መጨረሻው በእሱ መቀጠል ይቻላል፣ ምልልሱም ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ከኪኒኑ በብዙ ይበልጣል። ከሌላ ቦታ ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ እኔው ልንገራችሁ፦ ይህ መርፌ የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ነው። ሄፓሪን የሚባለው ዋናው መድኃኒት በ1916 ከውሻ ጉበት ነበር የተገኘው፣ ዛሬ ምንጩ በአብዛኛው አሳማ ነው። ነገሩ ሕሊናዋን ከከበዳት ለሐኪሟ በግልጽ ትንገር፣ የነፍስ አባቷንም ታማክር፤ ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ መርፌም አለ። ዝም ብሎ ማቋረጥ ግን አይሆንም።

ጎመንን በተመለከተ «ዋርፋሪን የሚወስድ ጎመን አይብላ» የሚባለው ትክክል አይደለም። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የኪኒኑን ጉልበት ይቀንሳሉ፣ ነገር ግን ችግር የሚፈጥረው መዋዠቁ ነው። በፍስኩ ጎመን የማትነካ ሰው ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን ከበላች ቁጥሩ ይወርዳል፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይወጣል። በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን ትብላ። አመጋገቧ በጾም ምክንያት የሚለወጥ ከሆነ ምርመራውን በዚያ ሰሞን ታሠራ። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ከሱቅ ገዝታ አትዋጥ፤ ፓራሲታሞል ቢሆን ይሻላል፣ እሱም ለቀናት ከቀጠለ ለሐኪም ይነገር። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል የዋርፋሪንን ጉልበት በጣም ያሳድጋሉ። ማንኛውም ጤና ጣቢያ ስትሄድ መጀመሪያ የምትናገረው ቃል «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። መጠኑ ያልታወቀ የሐበሻ መድኃኒት ኪኒኑን እስከወሰደች ድረስ አይጨመር። ጸበል ከሄደችም ኪኒኑን ይዛ ትሂድ፣ በሰዓቱ ትዋጥ።

የሚያስሮጡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ስትተነፍስ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስን መሳት። እነዚህ የሳንባ ምልክቶች ናቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ የበዛ የማህፀን ደም፣ ወይም ጭንቅላቷን ተመትታ ከባድ ራስ ምታት ከመጣባት ደግሞ መድኃኒቱ በዝቶባት ሊሆን ስለሚችል ያኔም አትዘግዩ።

ምክሬ ግልጽ ነው። ስቡን አትግዙ። ዋርፋሪኑን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ትዋጥ፣ ትነሣ፣ ቀስ እያለች ትራመድ፣ የሚቀጥለው አይኤንአር አይዘለል። ሕክምናው እንደ እሷ ላለው ምክንያቱ ለታወቀ መርጋት ቢያንስ 3 ወር ነው፤ ሲሞላ ራሳችሁ አታቁሙት፣ ሐኪሙ ያቁመው። ዋርፋሪን ላይ እያለች እንዳታረግዝ፣ ጽንሱን ይጎዳል። ለወሊድ መከላከያ ደግሞ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበትን ኪኒን አትውሰድ፣ ደም ያረጋል፤ የትኛው እንደሚስማማት ሐኪሟን ትጠይቅ። ወደፊት ስታረግዝ መርጋቱ ሊመለስ ስለሚችል በእርግዝናዋና በአራስነቷ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ ያስፈልጋት ይሆናል፤ ስለዚህ «በወሊድ ጊዜ የእግር ደም መርጋት ነበረባት» የሚለው በካርዷ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይሰጣት፣ እርግዝናው እንደታወቀም ያንን ካርድ ይዛ በመጀመሪያው ወር ሆስፒታል ትቅረብ።